የድሮ መኪና የበር መስታወት፦ ጥያቄና መልስ

የድሮ መኪና የሚያድሱ አንባቢዎች ከላኩልን ጥያቄዎች ውስጥ በበር መስታወት ላይ ያተኮሩትን ለይተናል። መልሶቹ በእጅ እየተዞረ የሚወጣና የሚወርድ መስታወት ላላቸው በሮች ናቸው።

ጥያቄ፦ መስታወቱን ከሥር የሚይዘውን ብረት አጽድቼ አዲስ ጎማ ገዛሁ። አንዱ ጎማ ጭራሽ አልገባ አለ፣ ሌላው ገብቶ ይላላል። ትክክለኛው ውፍረት የቱ ነው?

በካሊፐር (ውፍረትና ስፋት በሚለካ መሣሪያ) ለክተው ይወስኑ እንጂ በግምት አይግዙ። የመያዣ ብረቱን የውስጥ ስፋት ይለኩ፣ ከዚያ ላይ የመስታወቱን ውፍረት ይቀንሱ፣ የቀረውን ለሁለት ያካፍሉ። ብረቱ ውስጡ 8 ሚሊ ሜትር፣ መስታወቱ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን በየጎኑ 1 ሚሊ ሜትር ይቀራል። ጎማው ተጨምቆ መያዝ ስላለበት ትንሽ ወፈር ያለውን፣ 1.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያለውን ይምረጡ። 0.8ቱ መስታወቱን አይዝም፤ ጥቂት ጊዜ ወጣ ወረድ ሲል ብረቱ ለብቻው ወርዶ መስታወቱ ይቀራል። 1.6ቱን በግድ ቢያስገቡት ደግሞ ወይ የብረቱ ከንፈር ይከፈታል፣ ወይ መስታወቱ ይሰነጠቃል።

ከመግጠምዎ በፊት ብረቱን በጣትዎ ሳይሆን በቀጭን ካቻቢቴ ጫፍ ይፈትሹት። ጥግ ላይ የቀረ አንዲት የዝገት ቅርፊት መስታወቱን በአንድ ነጥብ ላይ ትጫነዋለች፤ ስንጥቁም ከዚያው ይጀምራል። ዝገቱን ጨርሰው ያስወግዱ፣ ጸረ ዝገት ይቀቡት፣ በደንብ እስኪደርቅም ይጠብቁ።

ብረቱ መስታወቱ ላይ የሚቀመጥበት ቦታም ልኬት አለው። ከመስታወቱ የፊት ጠርዝ እስከ ብረቱ ጫፍ ያለው ርቀት ከመፈታቱ በፊት መመዝገብ ነበረበት። ካልመዘገቡት አሮጌው መስታወት ላይ የቀረውን የጎማ አሻራ ይፈልጉ፣ ወይም የወዲያኛውን በር ለክተው ይገልብጡት። ቦታው ከተዛነፈ ማንሻው፣ ማለትም እጀታው ሲዞር መስታወቱን የሚያወጣውና የሚያወርደው መሣሪያ፣ መስታወቱን ከሚዛኑ ውጪ ስለሚገፋው እያጋደለ ይነክሳል (ተይዞ አልሄድ ይላል)።

ሲገጥሙ የመስታወቱን የላይኛውን ጠርዝ ወፍራም ምንጣፍ ላይ ያቁሙት፤ ሁለተኛ ሰው ይያዝልዎት። ጎማውን በግርጌው ጠርዝ ላይ አጥፈው ያልብሱት፣ በሳሙና ውሃ ያርጥቡት፣ ብረቱን ያስቀምጡበት። ጣውላ ደርበው በጎማ መዶሻ ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሱ በቀስታ ይምቱ። አንዱን ጫፍ ብቻ አስጥመው ሌላውን አይተዉት። ትርፉን ጎማ በምላጭ ይቁረጡና ቢያንስ አንድ ቀን ሳይነካ ይተዉት። ጓንትና መነጽር የግድ ነው። ባለ ሁለት ንብርብር መስታወት ከሆነ ቤንዚንም ሆነ ቲነር ጠርዙን እንዳይነካው ይጠንቀቁ፤ መሃል ያለውን ፕላስቲክ ይጎዳዋል፣ ጠርዙም ወተት የመሰለ ነጭ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የተሰበረውን የበር መስታወት በተራ የቤት መስኮት መስታወት መተካት ይቻላል?

አይቻልም። ተራ መስታወት ሲሰበር እንደ ቢላ የሚቆርጥ ረጅም ስባሪ ይሆናል፣ በሩም የሰው አንገትና ፊት አጠገብ ነው። የመኪናዎ የበር መስታወት ጠፍጣፋ ከሆነ በንብርብር ከተሠራ የደህንነት መስታወት በልኩ ሊቆረጥ ይችላል። በሙቀት የጠነከረው ግን አንዴ ከጠነከረ በኋላ አይቆረጥም፣ ጠርዙም አይሞረድም፤ ሙሉው ወደ ጥቃቅን እንክብል ይበታተናል። ስለዚህ መጀመሪያ ተቆርጦና ጠርዙ ተሞርዶ ነው የሚጠነክረው። ጎበጥ ያለ ከሆነ በዚያው ቅርጽ የተሠራ ማግኘት አለብዎት።

ናሙና የሚሆን መስታወት ከሌለ በመስታወቱ ውፍረት ልክ ከኮምፔንሳቶ ቅርጽ ይቁረጡ። በሩ ውስጥ አስገብተው በማንሻው ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍና ዝቅ ያድርጉት። እንጨት ማስተካከል ቀላል ነው፤ የተቆረጠ መስታወት ግን ላይመለስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሁሉንም አዲስ አድርጌ ገጠምኩ። መስታወቱ እስከ ግማሽ በቀላሉ ይወጣና ከዚያ እጀታውን ማዞር ያቅተኛል። ላስገድደው?

አያስገድዱት፤ የማንሻው ጥርስ ይበላል ወይም መስታወቱ ይሰበራል። መጀመሪያ ጥፋቱን ለሁለት ይክፈሉት። መስታወቱን ከማንሻው ክንድ ያላቁና በሁለት እጅዎ ይዘው ከፍና ዝቅ ያድርጉት።

በእጅ በነጻነት ከሄደ ችግሩ ማንሻው ላይ ነው። የዘመናት ግራሶ ደርቆ ጥርሶቹ መሃል እንደ ሰም ተጋግሮ ይገኛል። በነጭ ጋዝ ያጥቡት፣ ለጥርሶቹና ለመንኮራኩሮቹ መሄጃ አዲስ ግራሶ ይቀቡ። አደገኛው ሞላው ነው፦ ማንሻውን ከበሩ ከማላቀቅዎ በፊት ባለ ጥርሱን ክፍል ከጀርባ ላሜራው ጋር በቡሎንና በዳዶ ያስሩት። ታስሮ ያልተያዘ ሞላ ክንዱን በድንገት ወርውሮ ጣት ሊሰብር ይችላል።

በእጅም ከነከሰ ችግሩ መስታወቱ የሚንሸራተትባቸው፣ ፌልት (ለስላሳ ወፍራም ጨርቅ) የለበሱት የጎን ቦዮች ናቸው። በፊተኛውና በኋለኛው ቦይ መካከል ያለውን ርቀት ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ይለኩ። የመስታወቱ ሁለት ጎኖች ትይዩ ከሆኑ ሦስቱም ልክ እኩል መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ የሚጠበው ሦስት ማዕዘኗን ትንሽ መስታወት የሚለየው አካፋይ ብረት ጋ ነው፤ የታችኛው ማሰሪያው ቀዳዳ ሞላላ የሆነው እንዲስተካከል ታስቦ ነው። አዲስ ፌልት ከአሮጌው እንደሚወፍርም አይርሱ፤ መስታወቱ ከፊት ወደ ኋላ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር መላወስ አለበት።

ቡሎኖቹን ሁሉ ላላ አድርገው መስታወቱን እስከ ላይ ያውጡት፣ የላይኞቹን ያጥብቁ። እስከ ታች ያውርዱት፣ የታችኞቹን ያጥብቁ። ሳይፈትሹ መጀመሪያውኑ ሁሉን ማጥበቅ ነው አብዛኛውን ሰው የሚያስቸግረው። ፌልቱ ላይ ግራሶ አይቀቡ፤ አቧራ ይይዝና አሸዋ ወረቀት ይሆናል። ደረቅ የሲሊኮን ስፕሬይ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የውጪውን የመስኮት ጎማ ቀይሬም ዝናብ ሲዘንብ በሩ ውስጥ ውሃ ይገባል።

ይገባል፤ በሩ የተሠራው ያንን ታሳቢ አድርጎ ነው። የውጪው ጎማ አብዛኛውን ውሃ ይጠርጋል እንጂ ሁሉን አያግድም። ዋናው ነገር በበሩ ግርጌ ያሉት የማፍሰሻ ቀዳዳዎች ክፍት መሆናቸው ነው። ቀለም ቀቢና ስቱኮ ብዙ ጊዜ ይደፍኗቸዋል፤ በሽቦ ይፈትሿቸው። ከበሩ የውስጥ ፓነል ጀርባ ያለውን ላስቲክ መመለስም አይዘንጉ፤ የታችኛው ጠርዙ ወደ በሩ ውስጥ መግባት አለበት፣ አለበለዚያ ውሃው ወደ ምንጣፉ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ አሮጌውን መስታወት መጠቀም እፈልጋለሁ፣ ግን ቀጥ ያሉ ጭረቶች አሉበት።

ጥፍርዎን አቋርጠው ይሳቡበት። ጥፍሩ ካልያዘ በሴሪየም ኦክሳይድ (የመስታወት መወልወያ ዱቄት) እና በውሃ፣ በፌልት ዲስክ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ሊጠፋ ይችላል። ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን፤ ከደረቀ ይግላል፣ ከጋለም ይሰነጠቃል። ጥፍሩ ከያዘ ይተዉት፤ ጭረቱ እስኪጠፋ ሲፍቁት መስታወቱ ጎድጉዶ በዚያ በኩል የሚታየው ሁሉ ይወላገዳል። ቀጥ ያለ ጭረት የሚያወጣው ፀጉሩ ያለቀ የመስኮት ጎማ ነውና ጎማዎቹን ሳይቀይሩ መስታወቱን አይመልሱት።

ጥያቄ፦ መስታወቱ ከቀለም በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚገጠመው?

ሁለቴ። በሩ በማጠፊያው ተስተካክሎ ከተሰቀለ በኋላ፣ ቀለም ሳይነካው አንድ ጊዜ ለሙከራ ይግጠሙትና በሩን ዘግተው የመስታወቱን የላይኛ ጠርዝ ክፍተት ይዩ። መታጠፍ ወይም መበየድ ያለበት ነገር ቢኖር ያኔ ይሠራል። ከቀለም በኋላ የመጨረሻው ገጠማ ይሆናል፤ ቀለሙ ጠልቆ እስኪደርቅ ይጠብቁ፣ ከዚያ የመስኮቱን አፍ ግራና ቀኝ በስኮች ሸፍነው ያስገቡ።