መልስ፦ ጆሮውና ክርኑ የተመለጠው ውሻ

ውሻህ የጆሮው ጫፍና ክርኑ ከተመለጠ፣ ሌሊቱን ሲያክ ካደረ፣ በዚያ ላይ ልጅህ ክንዷ ላይ ሽፍታ ከወጣባት፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው እከክ ነው። ቁንጫ ቢሆን ጉዳቱ በብዛት ወገቡና ጅራቱ ሥር ይሆን ነበር። ፀጉሩ በክብ በክብ እየረገፈ ብዙም ባያሳክከው ደግሞ ፈንገስ እል ነበር።

ጣና ዳር ወስጄ ሦስቴ አጠብኩት ብለሃል። ንጽህናው አይከፋም፣ ግን አያድነውም። እከክ የሚያመጣው ተባይ በዓይን አይታይም፤ ቆዳው ውስጥ ቦይ ምሶ ነው የሚኖረው።

1. የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰደው። ቆዳው ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታይ። ተባዩ ብዙ ጊዜ ስለሚደበቅ፣ ባይገኝም ሐኪሙ ምልክቱን አይቶ ሕክምና ቢጀምር አትገረም።

2. መድኃኒቱ በክብደቱ ተለክቶ ይሰጠዋል፣ ይደገማልም። ማከኩን ስለቀነሰ ብቻ አታቋርጥ።

3. ግቢው ውስጥ ያሉት ውሾች በሙሉ አብረው ይታከሙ። የሚተኛበትን ጨርቅ በፈላ ውሃ እጠበውና ፀሐይ ላይ አስጣው።

የልጅቷ ሽፍታ አብዛኛውን ጊዜ ውሻው ሲድን ይጠፋል። እስከዚያ ልጅቷ ውሻውን አትቀፈው፤ ከባሰባት ጤና ጣቢያ አሳያት።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ጎረቤት የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባው ቢልህ እንዳትሰማ። እኛ ሰፈር ሲቀቡ አይቻለሁ፤ ውሻው ይልሰውና ይመረዛል፣ ቆዳውም ይቆስላል። ለከብት የሚወጋውን የተባይ መድኃኒት፣ አይቨርሜክቲንንም፣ በግምት አትስጠው። መጠኑ ከበዛ ነርቩን ይጎዳዋል፣ ሊገድለውም ይችላል።