የሰኞ ጠዋቱ ቴክኒሺየም ኪት ላይ ለምን አይያዝም?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ ይህ ነው፦ ጄኔሬተሩ (ለምስል ምርመራ የሚያገለግለውን ጨረር አመንጪ ቴክኒሺየም-99ኤም ከሞሊብዲነም-99 የምናገኝበት መሣሪያ) ዓርብ ጠዋት ታጥቦ፣ ማለትም ሳላይን (ጨዋማ ውሃ) አልፎበት ቴክኒሺየሙ ወጥቶ ነበር። ሰኞ የወጣው ቴክኒሺየም-99ኤም በዶዝ ካሊብሬተር (በጨረር መለኪያው) ሲለካ ሙሉ ነው፤ የአንጎል ኪቱ (ኤችኤምፒኤኦ፣ ቴክኒሺየሙን ይዞ ወደ አንጎል የሚያደርሰው መድኃኒት) ውስጥ ሲገባ ግን የተያዘው ከ70 በመቶ አላለፈም፤ ሌላው ኪት ደህና ሠርቷል። ማክሰኞ ደግሞ የሚወጣው መጠን ራሱ ቀነሰ። ጥፋቱ የኪቱ ነው ወይስ የጄኔሬተሩ? ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው የገጠሙሽ፤ ኪቱ ግን ያለ ጥፋቱ ነው የተከሰሰው።

መጀመሪያ የሰኞውን እንይ። ኮለሙ (የጄኔሬተሩ ቱቦ) ውስጥ ያለው አልሙና (የአልሙኒየም ኦክሳይድ ዱቄት) አሲዳማ በሆነ ሁኔታ ሞሊብዴትን (የሞሊብዲነም ውህድ) አጥብቆ ይይዛል። ሞሊብዲነም-99 (ግማሽ ዕድሜው 66 ሰዓት) ሲፈርስ የሚፈጠረው ፐርቴክኔቴት (የቴክኒሺየም ውህድ) አንድ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ብቻ ስላለው አልሙናው ላይ የሚይዘው ነገር የለም፤ 0.9 በመቶ ሳላይን ጠርጎት ይወጣል። በየአገሩ ባለሙያዎች ጄኔሬተሩን «ላም»፣ ማጠቡን «ማለብ» የሚሉት ለዚህ ነው። ዘዴው በ1950ዎቹ መጨረሻ ብሩክሃቨን ላቦራቶሪ ውስጥ የተገኘው በአጋጣሚ ነበር። ዋልተር ታከርና ማርጋሬት ግሪን አዮዲን-132ን ከቴሉሪየም ሲለዩ የማይፈለግ ቆሻሻ አስቸገራቸው፤ ምንጩን ሲከታተሉ ከሞሊብዲነም የመጣ ቴክኒሺየም ሆኖ አገኙት።

ችግሩ ሳላይኑ 99ኤምን ከ99 አለመለየቱ ነው። 99ኤም በ6 ሰዓት ግማሹ ወደ ቴክኒሺየም-99 ይለወጣል። ይህኛው ግማሽ ዕድሜው 211,000 ዓመት ገደማ ነው፤ ስለዚህ ኮለሙ ላይ ይጠራቀማል እንጂ አይጠፋም። ካሊብሬተሩ አያየውም። ኪቱ ውስጥ ያለው ስታነስ (ቴክኒሺየሙ ከመድኃኒቱ ጋር እንዲያያዝ የሚያደርገው የቲን ውህድ) ግን ያየዋል፤ ለእሱ ሁለቱም አንድ ንጥረ ነገር ናቸውና። ከመጨረሻው እጥበት 24 ሰዓት ሲሞላ ከ100 የቴክኒሺየም አተሞች 99ኤም የሚሆኑት 28 ያህል ናቸው፤ በ72 ሰዓት 8 ብቻ ይቀራሉ። ያው የጨረር መጠን (ሜጋቤክሬል) ሰኞ ሲቀዳ እንግዲህ ሦስት ተኩል እጥፍ የሚበልጥ ቴክኒሺየም ይዞ ይገባል። የኤችኤምፒኤኦ ብልቃጥ ደግሞ የያዘው ስታነስ ክሎራይድ 7.6 ማይክሮግራም ብቻ ስለሆነ ቶሎ ያልቅበታል። የአጥንት ኪት (ኤምዲፒ) ብዙ ስታነስ ስላለው ችግሩን ይደብቀዋል፤ «ሌላው ኪት ደህና ሠርቷል» ያልሽውም ከዚህ የመጣ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሰኞ በማለዳ እጠቢና ያንን ለኤችኤምፒኤኦ አትጠቀሚበት። 4 ሰዓት ያህል ቆይቶ ድጋሚ ሲታጠብ ከከፍተኛው መጠን 46 በመቶ ገደማ፣ 6 ሰዓት ቆይቶ ከሆነ 60 በመቶ ገደማ ይገኛል (ከፍተኛው ላይ የሚደርሰው 23 ሰዓት ሲሞላ ነው)። የወጣውንም ከ2 ሰዓት በላይ አታስቀምጪው። ቦሌ ጉምሩክ ላይ ቅዳሜና እሁድን ያሳለፈ አዲስ ጄኔሬተርም የመጀመሪያው እጥበቱ እንዲሁ ነው፤ ከሞሊብዲነሙም ግማሽ ያህሉ መንገድ ላይ ቀርቷል።

የማክሰኞው መቀነስ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ኮለሙ እርጥብ ሆኖ አድሯል ብዬ እገምታለሁ። ጨረሩ ውሃውን ሲሰብር የሚፈጠሩት ኤሌክትሮኖች ፐርቴክኔቴቱን ከ+7 ኦክሲዴሽን ቁጥሩ ዝቅ ያደርጉታል፤ ዝቅ ያለው ደግሞ አልሙናው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ቫኪዩም ያለው ብልቃጥ ሳላይኑን ስቦ ሲጨርስ አየር እየሳበ ኮለሙን ማድረቅ አለበት። ብዙ ሰው ግን 5 ሚሊ ሊትሩ ሲሞላ አይቶ ብልቃጡን ይነቅለዋል። አረፋው እስኪቆም፣ አምራቹ የጻፈው ደቂቃ እስኪሞላ ይቆይ። አሁን ያለ ሳላይን አዲስ የቫኪዩም ብልቃጥ ሰክተሽ አድርቂው፤ በማግስቱ መጠኑ ይመለሳል። ይህ ግን ለደረቅ ኮለም ዓይነት ብቻ ነው፤ እርጥብ ሆኖ እንዲቆይ የተሠራ ጄኔሬተር አለና መመሪያውን እዪ። ሳላይኑም ከጄኔሬተሩ ጋር የመጣው ይሁን፤ ከግሉኮስ መስቀያው ጎን ከተሰቀለው ከረጢት አይቀዳ።

የሞሊብዲነም ማምለጥን (ከኮለሙ ወጥቶ ከቴክኒሺየሙ ጋር መቀላቀሉን) በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። 0.15 ማይክሮኪዩሪ በሚሊኪዩሪ የሚለው ወሰን የሚሠራው መርፌው በሚወጋበት ሰዓት ነው። ጠዋት 0.05 የነበረው 12 ሰዓት ቆይቶ 0.18 ይሆናል፤ ቴክኒሺየሙ ቶሎ ሲያልቅ ሞሊብዲነሙ ብዙም አይቀንስምና። ከኮለሙ የሚወጣውን አልሙኒየምም በመመርመሪያ ወረቀቱ ሞክሪ፤ በሚሊ ሊትር ከ10 ማይክሮግራም ካለፈ ሰልፈር ኮሎይዱን (የጉበት ምርመራውን መድኃኒት) ያረጋዋል፣ ጉበት ይታያል ሲባል ሳንባ ይበራል።

የማትጠቀሚበት የሰኞ ማለዳው ብልቃጥ መታጠቢያ ውስጥ አይደፋም። በእርሳስ መያዣ ውስጥ ቢያንስ 60 ሰዓት ይቆይ፤ ያመለጠ ሞሊብዲነም ካለበት ግን ይህ ስለማይበቃ ሳትለኪው አታውጪው።