ሦስተኛው ጉዞና የሐሙሱ ቃለ መጠይቅ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። በትክክል ተረድቼዎት እንደሆነ እንዲያዩልኝ ጉዳዩን ባጭሩ ልድገመው። በአንድ ባንክ አምስት ዓመት በሂሳብ ሠራተኛነት ካገለገሉ በኋላ ሥራ ለቅቀው፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩትን እህትዎን ሊያርሱ በቱሪስት ቪዛ ሄዱ። አምስት ወር ከሃያ ቀን ቆይተው ተመለሱ፤ አዲስ አበባ ሁለት ወር እንደተቀመጡ እንደገና ሄደው አምስት ወር ከሃያ አምስት ቀን ቆዩ። ከተመለሱ ስድስት ሳምንት ሆኖዎታል። የቪዛዎ ጊዜ ገና አላለፈም፤ እህትዎም ሕፃኑን የሚይዝላቸው ሰው ስላጡ «ትኬት ልቁረጥልሽ» እያሉ ነው። በዚህ መሃል አንድ የግል ድርጅት ለሐሙስ ቃለ መጠይቅ ጠርቶዎታል። እርስዎ በዋናነት የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው፦ ለሦስተኛ ጊዜ ብሄድ ያስገቡኛል ወይ? በሲቪዬ ላይ የተፈጠረውን ከአንድ ዓመት በላይ የሆነ ክፍተትስ ምን ብዬ ላስረዳ?

እኔ ሁለቱን ጥያቄዎች ለያይቼ ማየት አልቻልኩም። አየር ማረፊያ ላይ የሚቆመው መኮንንም ሆነ ሐሙስ ዕለት ፊት ለፊትዎ የሚቀመጠው ቀጣሪ የሚፈልጉት ኑሮዎ የት እንደሆነና በምን እንደሚተዳደሩ ማወቅ ነው። ዛሬ ለሁለቱም የሚሰጡት ጠንካራ መልስ በእጅዎ የለም፤ ስለዚህ ምክሬ በሙሉ ይህን መልስ በመሥራት ላይ ያተኩራል።

ፓስፖርትዎ ላይ ያለው ቪዛ የመግቢያ ዋስትና አይደለም። ማስገባት አለማስገባቱን፣ ካስገባም ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆዩ የሚወስነው በመግቢያው ላይ ያለው የአሜሪካ የጉምሩክና ድንበር ጥበቃ መኮንን ሲሆን፣ የፈቀደው የመጨረሻ ቀንም አይ-94 በሚባለው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ለጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው እስከ ስድስት ወር ነው። ሁለቱንም ጊዜ ቀኑ ሳይደርስ መውጣትዎ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ቀን እንኳ አሳልፈው ቢሆን ኖሮ ቪዛው በሕግ ዋጋ ያጣ ነበር፤ ከ180 ቀን በላይ ያለ ፈቃድ ቆይቶ የወጣ ሰው ሦስት ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ደግሞ ዐሥር ዓመት እንዳይመለስ ይታገዳል። እርስዎ ከዚህ ሁሉ ነጻ ነዎት።

ነገር ግን መኮንኑ የሚያየው ጥፋት መኖር አለመኖሩን ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ሕግ የጎብኚ ቪዛ የያዘን ሰው ሊቀር እንደመጣ አድርጎ ይገምታል፤ ተመላሽ መሆኑን ማስረዳት የራሱ የጎብኚው ሸክም ነው። አሁን እንደ ሂሳብ ባለሙያ ያስሉት፦ ካለፉት 15 ወራት ውስጥ 11 ወር ተኩል ያህሉን ያሳለፉት አሜሪካ ነው፤ አዲስ አበባ የነበሩት ሦስት ወር ተኩል ብቻ ነው፤ እሱም ያለ ሥራ። ይህን ያየ መኮንን የሚኖሩት አሜሪካ፣ የሚጎበኙት አዲስ አበባን ነው ብሎ ቢደመድም ልፈርድበት አልችልም። «የቆየሽበትን ያህል ውጭ ከቆየሽ ችግር የለም» እየተባለ የሚነገረው በሕግ የተጻፈ ቀመር አይደለምና በእሱ ላይ ተማምነው ትኬት አይቁረጡ።

ከመግቢያው ላይ ቢመልሱዎትስ? መኮንኑ የመግባት ጥያቄዎን በራስዎ ፈቃድ እንዲተዉ አድርጎ በሚቀጥለው በረራ ሊመልስዎና ቪዛዎን ሊሰርዝ ይችላል፤ ከከፋም የአምስት ዓመት እገዳ በሚያስከትል ፈጣን የማስወጣት ትእዛዝ ሊመልስዎ ይችላል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ወደፊት በሚሞሉት የቪዛ ማመልከቻ ላይ ቪዛዎ ተሰርዞ ያውቅ እንደሆነ፣ ከመግቢያ ተመልሰው ያውቁ እንደሆነ ይጠየቃሉ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አዲስ የጎብኚ ቪዛ በአመዛኙ ለአንድ ጊዜ መግቢያና ለሦስት ወር ብቻ የሚያገለግል ሆኗል፤ የእርስዎ ከዚያ በፊት የተሰጠ በመሆኑ እንደነበረ ይሠራል። «ጊዜው ሳያልፍ ልጠቀምበት» የሚለው ስሜት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ይገባኛልም። ቢሆንም ጊዜው በሰላም ያለፈ ቪዛ ከተሰረዘ ቪዛ እጅግ ይሻላል።

አንዲት የማማክራት ልጅ የገጠማትን ልንገርዎ። እንደ እርስዎ ሁለት ጊዜ ቆይታ፣ ለሦስተኛ ጊዜ አሜሪካ ስትገባ ለተጨማሪ ጥያቄ ወደ ጎን ክፍል ተወሰደች። ሻንጣዋ ተከፈተ። በሽሮውና በበርበሬው ከረጢት መካከል፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የዲግሪዋ ዋና ቅጂ፣ የውጤት ማስረጃዋና ሦስት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ተገኘ። «ለሦስት ሳምንት ጉብኝት ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ስትባል መልስ አልነበራትም። በማግስቱ ቦሌ ደረሰች። ልጅቷ አንድም ቃል አልዋሸችም፤ ሻንጣዋ ግን ያላለችውን ተናገረባት።

ሕፃኑን በተመለከተ ገንዘብ አልተቀበልኩም ብለዋል፤ አምንዎታለሁ። የእህት ልጅን ማቀፍ ወንጀል አይደለም። ነገር ግን «ሕፃን ልጠብቅ ነው የመጣሁት» የሚል መልስ ለመኮንን ጆሮ የሞግዚት ሥራ ሊመስል ይችላል፤ ለዚህ ዓላማ የሚደረግ የስድስት ወር ቆይታም ለጎብኚ ቪዛ አይመጥንም። ከዚህ ተነሥተው መልስዎን ለማሳመር ግን እንዳይሞክሩ። በተለይ የሌለ ሥራ እንዳለ የሚያስመስል የድርጅት ደብዳቤ ማጻፍን አደራ እንዳያስቡት፤ በሐሰት መግቢያ ለማግኘት መሞከር የዕድሜ ልክ እገዳ ያስከትላል።

«እዚያው ሆኜ ሥራ ብፈልግስ?» ላሉት፦ በጎብኚ ቪዛ ላይ ሆኖ ሥራ ማፈላለግና ቃለ መጠይቅ መግባት አይከለከልም፤ የቪዛ ደረጃዎን ከጎብኚ ወደ ሠራተኛ ሳይቀይሩ ሥራ መጀመር ግን ክልክል ነው። ለሙያዎ የሚሆነው ኤች-1ቢ የሚባለው የባለሙያ ሠራተኛ ቪዛ በዓመት 65,000፣ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ ላላቸው ደግሞ ተጨማሪ 20,000 ቦታ ብቻ ያለው ሲሆን፣ ምዝገባው በፈረንጆቹ መጋቢት (ማርች)፣ ሥራ መጀመሪያው በጥቅምት (ኦክቶበር) መጀመሪያ ነው። የሚያመለክትልዎ ቀጣሪ ሳይኖርዎት በዚህ ላይ ተስፋ ጥለው የአዲስ አበባውን ቃለ መጠይቅ መተው አይገባም እላለሁ።

ስለ ሲቪው ብዙ አይጨነቁ። የለቀቁበትንና የተመለሱበትን ወር በግልጽ ጽፈው «በቤተሰብ ጉዳይ ከሥራ ውጭ» ይበሉ። ቀጣሪውን የሚያሳስበው ክፍተቱ ሳይሆን ሦስት ወር ሠርተው ይሄዱ እንደሆነ ነው፤ ስለዚህ ሳይጠየቁ ይመልሱለት፦ «እህቴ ወልዳ ልጠይቃት ሄጄ ነበር፤ ተመልሻለሁ፤ የሚቀጥሉትን ዓመታት እዚህ ለመሥራት ወስኛለሁ።» ይህን የሚሉት እውነት ከሆነ ብቻ ነው። ከልብዎ ካልወሰኑ ቦታውን ለሌላ ሰው ይተዉት።

የወሰኑ ከሆነ ደግሞ ሙያዎ ዛሬ ጥሩ ወቅት ላይ ነው። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ ድርጅቶች ሂሳባቸውን በዓለም አቀፉ ደረጃ፣ በአይኤፍአርኤስ፣ እንዲያዘጋጁ በኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ይጠየቃሉ፤ ይህን በተግባር የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። ኤሲሲኤ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሂሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ ፈተናዎች አዲስ አበባ ሆነው መውሰድ ይችላሉ፤ ፈተናዎቹ 13 ሲሆኑ በዲግሪዎ የተወሰኑት ሊቀሩልዎት ይችላሉ፤ 36 ወር ተዛማጅ የሥራ ልምድም ይጠየቃል። ይህ ወረቀት በብዙ አገር የሚታወቅ በመሆኑ፣ አንድ ቀን ከአገር መውጣት ቢፈልጉ እንኳ በሠራተኛነት የሚወጡበትን መንገድ ይከፍትልዎታል።

ጉብኝቱም አይቀርም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጥዎታል፤ ከቅዳሜና እሑድ ጋር ሲደመር ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። የዚያን ጊዜ በአዲስ ቪዛ ማመልከት ሊኖርብዎ ይችላል። ሆኖም የፈቃድ ደብዳቤ፣ የደመወዝ ማስረጃና የመመለሻ ቀን ይዘው «ለሦስት ሳምንት እህቴን ልጠይቅ» ሲሉ ወረቀቱና ቃልዎ አንድ ይሆናሉ።

እስከ ሐሙስ ድረስ ከባንኩ የሥራ ልምድ ማስረጃዎንና መልቀቂያዎን ያውጡ። ረቡዕ ማታ ደግሞ ለእህትዎ ይደውሉ፤ ትኬቱ እንዲቆይ፣ ለሕፃኑም እዚያው ያለ ሰው እንዲፈልጉ በግልጽ ይንገሯቸው።