የሚነቃነቅ የበረንዳ ሀንድሬል

ጥያቄ፦ ለገዢዎች ቤት እፈትሻለሁ። ፒያሳ አካባቢ የአንድ ፎቅ ቤት የበረንዳ ሀንድሬል ሲነቃነቅ አገኘሁት። ሻጩ «ስንት ዓመት ቆሟል፣ ምንም አይሆንም» ይለኛል። ምን ልጻፍ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያየኸውን ጻፍ፤ አታለሳልሰው። እንዳትደገፈው፣ በእጅህ ብቻ ገፋ አድርገው። ከሁሉ በፊት እግሩን እይ፤ ብረቱ ኮንክሪት ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ ቀለሙ አብጦ ከሆነ በጣትህ ጫን በለው፣ ብዙ ጊዜ ከስሩ ዝገት በልቶት ታገኘዋለህ። ከዚያ ለካ። ለማነጻጸሪያ፣ የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ኮድ ቢያንስ 91 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይጠይቃል፤ በብረቶቹ መሃል 10 ሳንቲ ሜትር ኳስ ማለፍ የለበትም፣ ሕፃን እንዳይሾልክ ነው። ፎቶ አንሳ፣ ቀኑን ጻፍ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2077 ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ስለዚህ ገዢው ቁልፍ ሳይረከብ ይወቀው። ልጆች ካሉትማ ዛሬውኑ ደውልለት።