መልስ፦ ከፍቅር ሐይቅ እስከ ጥቁር ውሃ በጀልባ፣ ከልጆች ጋር

ከሰዓት 9 ሰዓት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካለው መዝናኛ ከፍቅር ሐይቅ ተነስተን የአሳ ገበያውን አሞራ ገደልንም ጥቁር ውሃንም በጀልባ አይተን እንመለሳለን ወይ ላላችሁት፦ በዚያ ሰዓት አትነሱ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡና ሁለቱንም ታያላችሁ።

ምክንያቱ ነፋሱ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ጠዋት ጸጥ ይላል። ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ግን ማዕበሉ ትንሽ ጀልባን ያንገላታል፤ ልጆች ይደነግጣሉ።

መጀመሪያ አሞራ ገደል ሂዱ። አሳ አጥማጆቹ ማታ የጣሉትን መረብ ሰብስበው የሚመጡት ጠዋት ነው። ቆሮሶውና አምባዛው ከጀልባ ሲራገፍ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ለትርፍራፊው ሲሻሙ ልጆቻችሁ ከዚያ መነሳት አይፈልጉም። ቁርሳችሁንም እዚያው ጥብስ አሳ ብሉ፤ እኔ ከዚያ የሚጥም ቁርስ አላውቅም።

ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ጥቁር ውሃ ወንዝ ሐይቁ ውስጥ ወደሚገባበት። ዳር ዳሩ ደንገል ስለሆነ ሞተሩን ቀስ አድርጎ እንዲነዳ ለባለጀልባው ንገሩት።

ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተስማሙ፤ ደርሶ መልሱንና የሚጠብቅበትን ሰዓት ጨምራችሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጉማሬ ስታዩ "ትንሽ ጠጋ በልልን" እንዳትሉ። እኛ ለፎቶ ብለን ተጠግተን ጉማሬው ጠለቀ፤ ቆይቶ ጀልባችን አጠገብ ብቅ አለ። የእህቴ ልጅ በልኩ ላይፍ ጃኬት ስላልተገኘ ያለ ምንም ነበር የተቀመጠው። ያን ቀን የያዘኝ ፍርሃት እስካሁን አልለቀቀኝም። የልጅ ልክ ከሌላቸው ሌላ ጀልባ ፈልጉ።