ራም ከመጨመርሽ በፊት ኮንተንት የሚለውን መስመር ፈልጊ

እህቴ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሰርቨሩ 2 ጂቢ ራም አለው፣ 1.6 ጂቢ ገደማ ነጻ ነው፣ በፓይተን የምታወርጂው ፋይል 1.2 ጂቢ ነው፣ ግን ስክሪፕቱ መሃል ላይ "ኪልድ" ብሎ ይቆማል፣ ኤረርም የለ ምንም የለ። "ፋይሉ ከራሙ ያንሳል እኮ፣ ለምን አልበቃም? 4 ጂቢ ወዳለው ልቀይር ወይ?" ነው ያልሽው። አትቀይሪ። በዚህ ነገር እኔም ከወር በላይ ተሰቃይቻለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ለምን እንዳልበቃ መጀመሪያ። በሪኩዌስትስ (ከኢንተርኔት ማውረጃ የፓይተን ላይብረሪ ነው) ዝም ብለሽ ጌት ስትይ ላይብረሪው ፋይሉን እየቆራረጠ ነው የሚቀበለው፣ ግን ቁራጮቹን በሙሉ ሜሞሪ ላይ ይሰበስብና መጨረሻ ላይ አንድ ላይ ይገጥማቸዋል። በሚገጥምበት ቅጽበት ቁራጮቹም አሉ የተገጠመውም አለ፣ ማለት ያንቺ 1.2 ጂቢ ፋይል ለአፍታ ወደ 2.4 ጂቢ ይፈልጋል። ሜሞሪ ሲያልቅ ደግሞ የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ብዙ የያዘውን ፕሮሰስ መርጦ ይገድለዋል፣ ፓይተን ኤረር ለመጻፍ እንኳን ጊዜ አያገኝም፣ ትሬስባክ (የፓይተን የስህተት ዝርዝር) ያላየሽው ለዛ ነው። ኤግዚት ኮዱን (ፕሮግራሙ ሲዘጋ የሚተወውን ቁጥር) ብታዪው 137 ነው የሚሆነው፣ 128 ሲደመር 9፣ 9 የኪል ሲግናል ቁጥር ነው። 4 ጂቢ ብትገዢ ደግሞ ፋይሉ 2 ጂቢ የሆነ ቀን እዛው ትመለሻለሽ።

መፍትሄው አጭር ነው። ጌት ስትይ ስትሪም የሚለውን ትሩ አድርጊ፣ ፋይሉን በባይነሪ ለመጻፍ ክፈቺ፣ ከዛ ኢተር ኮንተንት በሚባለው፣ ፋይሉን በቁራጭ በሚሰጥሽ ሜተድ ሉፕ እያደረግሽ የመጣውን ቁራጭ ወዲያው ዲስክ ላይ ጻፊ። የቻንኩን (የአንዱን ቁራጭ) መጠን ግን ራስሽ ስጪው፣ ካልሰጠሽው ዲፎልቱ 1 ባይት ነው፣ አዎ አንድ ባይት፣ ሲፒዩ ሲጨናነቅ ታድሪያለሽ። 1 ሜጋባይት ይበቃል። በዚህ መንገድ ፋይሉ 1 ጂቢም ሆነ 50 ጂቢ በአንድ ጊዜ ሜሞሪ ላይ ያለው ያቺው አንድ ቁራጭ ብቻ ናት።

አሁን ብዙ ሰው እዚህ ጋር ያቆማል፣ እኔም አቁሜ ነበር። የምሰራበት ቦታ በየሌሊቱ የዳታቤዝ ባክአፕ ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላው ማውረድ ነበረብኝ፣ በጂዚፕ የታመቀ ፋይል። ስትሪም አደረግኩት፣ ሉፑን ጻፍኩ፣ ያው ተገደለ። ቶፕ የሚለውን ኮማንድ ከፍቼ ሬስ የሚለውን ኮለም (ፕሮሰሱ የያዘውን ራም) ቁጭ ብዬ አየሁት፣ 200 ሜጋ፣ 400፣ 700፣ ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ደግሞ ዜሮ ባይት። ለካ ከሉፑ በፊት የፋይሉን መጠን ሎግ ለማድረግ ብዬ የሪስፖንሱን ኮንተንት ርዝመት የሚያትም መስመር ትቼ ነበር። ኮንተንትን አንዴ ከነካሽው ስትሪም ያልሽው ሁሉ ከንቱ ነው፣ ሙሉ ፋይሉን ሜሞሪ ላይ ይጭነዋል፣ ከዛ በኋላ ሉፑ የሚቆርሰው ሜሞሪ ላይ ያለውን ነው፣ ኤረርም አይሰጥሽም። መጠኑን ከፈለግሽ ኮንተንት ሌንግዝ የሚለውን ሄደር (ሰርቨሩ ከፋይሉ በፊት የሚልከው መግለጫ) አንብቢ። ስክሪፕትሽ ውስጥ ኮንተንት፣ ቴክስት፣ ጄሰን የሚሉትን ፈልጊ፣ ሶስቱም ሙሉውን ይጭናሉ፣ ቁራጮቹን ሊስት ውስጥ የሚያጠራቅም መስመርም ካለ ያው ነው።

ሌላው ቴምፕ ፎልደር ነው። አንዳንድ ሊኑክስ ላይ ስላሽ ቴምፕ ዲስክ አይደለም፣ ቴምፕኤፍኤስ ነው፣ ማለት ራም ራሱ። ዲስክ ላይ እየጻፍሽ ይመስልሻል እንጂ ራም ላይ ነው የምትጽፊው። ዲኤፍ በሚለው ኮማንድ እዪው፣ ቴምፕኤፍኤስ ካለሽ ሌላ ፎልደር ምረጪ። በነገራችን ላይ ስትሪም ካደረግሽ በኋላም ፍሪ የሚለውን ኮማንድ አይተሽ "ሜሞሪው አለቀ" ብለሽ እንዳትደነግጪ፣ በፍ ካሽ የሚለው ስር የሚታየው ከርነሉ ለፋይል የተዋሰው ነው፣ ሲፈለግ ይመልሰዋል። አቬይለብል የሚለውን ነው ማየት ያለብሽ።

እኔን ከሁሉም በላይ የጎዳኝ ግን ኔትወርክ ሲቆረጥ ያለው ነገር ነው፣ እኛ ጋር ደግሞ ይቆረጣል፣ መብራትም ይሄዳል። 1 ጂቢ ወርዶ 200 ሜጋ ሲቀረው ቢቆረጥ ከዜሮ መጀመር የለብሽም፣ ሬንጅ የሚባል ሄደር አለ፣ ሰርቨሩን ከዚህ ባይት ጀምረህ ላክልኝ ትዪዋለሽ። እኔ ይሄን ሰርቼ በጣም ተደስቼ ነበር። ከዛ አንድ ቀን ባክአፑን ሪስቶር ላድርግ ስል ጂዚፑ የተበላሸ ዳታ ነው አለኝ። የፊተኛውን ቀን ሞከርኩ፣ እሱም። ሶስት ሌሊት በተከታታይ የማይከፈት ባክአፕ ነበር ያስቀመጥኩት። መጠኑን ሳየው 800 ሜጋ መሆን የነበረበት 1.3 ጂቢ ሆኗል። የሆነው ይሄ ነው፣ ሰርቨሩ ሬንጁን ችላ ብሎ ሙሉውን ፋይል ከመጀመሪያው ላከልኝ፣ እኔ ደግሞ ስታተስ ኮዱን (ሰርቨሩ የሚመልሰውን የመልስ ቁጥር) ሳላይ 500 ሜጋው ላይ ቀጠልኩበት። ያን ቀን ኦሪጅናሉ ዳታቤዝ በህይወት ባይኖር ምን ይውጠኝ እንደነበር አላውቅም።

ስለዚህ 206 ከመጣ ካቆምሽበት ቀጥዪ፣ 200 ከመጣ ፋይሉን ባዶ አድርገሽ ከመጀመሪያው ጻፊ፣ 416 ከመጣ የጠየቅሽው ባይት የለም ማለት ነው፣ ያለሽን መጠን ከሙሉው ጋር አወዳድሪ። ሰርቨሩ ላይ ያለው ፋይል በመሃል ተቀይሮ ሊሆንም ይችላል፣ መጀመሪያ ያገኘሽውን ኢታግ (ሰርቨሩ ለዛ የፋይል ቅጂ የሰጠው መለያ) በኢፍ ሬንጅ ሄደር አብረሽ ላኪው፣ ከተቀየረ ራሱ 200 ብሎ ሙሉውን ይልክልሻል። አክሴፕት ኢንኮዲንግ የሚለውን ሄደርም አይደንቲቲ (ሳታምቅ ላክ ማለት ነው) አድርጊው፣ አለበለዚያ ላይብረሪው በመንገድ ላይ የታመቀውን እየፈታ ስለሚሰጥሽ ዲስክ ላይ ያለው መጠንና ሄደሩ ላይ ያለው አይገጥምም።

ታይምአውት (የመጠበቂያ ገደብ) መስጠት አትርሺ፣ ሪኩዌስትስ በራሱ የለውም፣ መስመሩ ዝም ካለ ስክሪፕትሽም እስከ ጠዋት ዝም ብሎ ይጠብቃል። ፋይሉን ደግሞ መጨረሻው ፓርት በሚል ስም አውርጂው፣ ሲያልቅ መጠኑን አረጋግጪ፣ የፋይሉ ባለቤቶች ሻ 256 (የፋይሉ አሻራ የሚሆን ቁጥር) ከሰጡሽ እሱንም አስልተሽ አወዳድሪ፣ ኤፍሲንክ አድርጊ (ዳታው በእርግጥ ዲስክ ላይ እንዲሰፍር)፣ ከዛ ብቻ ወደ ትክክለኛ ስሙ ቀይሪው። በግማሽ የቀረ ፋይል ያለቀ የሚመስል ስም ሊኖረው አይገባም።

አንዴ ብቻ የምታወርጂው ከሆነ ይሄን ሁሉ አትጻፊ፣ ዊጌት የሚባለው የማውረጃ ኮማንድ ከዳሽ ሲ (ካቆመበት ቀጥል) ጋር ይበቃሻል። በፓይተን ፈንታ ኖድ (ጃቫስክሪፕት) ለምትጠቀሙ ደግሞ ዳታ ኢቨንት ላይ ራይት ብቻ አትበሉ፣ ዲስኩ ከኔትወርኩ ከዘገየ ሜሞሪ ላይ ይጠራቀማል፣ ፓይፕላይን የሚለውን ተጠቀሙ።

ስትጨርሺ በዩዘር ቢን ስር ያለውን ታይም ከዳሽ ቪ ጋር አድርገሽ አስሮጪው፣ ማክሲመም ሬዚደንት የሚለው ቁጥር (ስክሪፕቱ የደረሰበት ከፍተኛ ራም) የኔ 40 ሜጋ አካባቢ ነው። ያንቺ ከ100 ሜጋ ካለፈ ሉፑን እዚህ ለጥፊው አብረን እናየዋለን።