ሴሌኒየም አውቃለሁ፣ ማስታወቂያው ግን ዴስክቶፕ ይላል

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ኮምፒውተር ሳይንስ ጨርሰሻል፣ ድረ ገጽን በኮድ የሚፈትሸውን ሴሌኒየምን በፓይተን ተምረሻል፣ ያየሽው የሥራ ማስታወቂያ ግን የዴስክቶፕ ሶፍትዌር አውቶሜትድ ቴስቲንግ (ፕሮግራምን በኮድ መፈተሽ) የሚችል ሰው ይፈልጋል። ላፕቶፕሽ 4 ጊጋባይት ራም ብቻ አለው። «ልተወው ወይስ የማይክሮሶፍቱን የዴስክቶፕ መፈተሻ ዊንአፕድራይቨርን ልማር?» ነው ያልሽው።

አትተዪው፣ አመልክቺ። እዚህ አገር ስንት የሂሳብ ክፍል ነው ዛሬም በፒችትሪ የሚሠራው፤ ዴስክቶፕ ገና አላለቀለትም። በዊንአፕድራይቨር ግን አትጀምሪ፣ ማይክሮሶፍት ማሻሻሉን ካቆመ ዓመታት ሆነዋል። ፓይተን ስለምትችዪ ፓይዊንአውቶ የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ይሻልሻል። ነፃ ነው፣ በፓይተን መጫኛው በፒፕ ይጫናል።

ሴሌኒየም የሚያውቀው ብሮውዘር ብቻ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ቁልፉንና የጽሑፍ ሳጥኑን የምታገኚው ዩአይ ኦቶሜሽን በሚባለው የዊንዶውስ ሥርዓት ነው፤ ለዓይነ ስውራን ስክሪኑን የሚያነቡት ስክሪን ሪደሮችም የሚጠቀሙት እሱኑ ነው። ስለዚህ ኮድ ሳትነኪ በፊት ከዊንዶውስ ኤስዲኬ (የፕሮግራመሮች መሣሪያ ስብስብ) ጋር የሚመጣውን ኢንስፔክት የሚባል ፕሮግራም ክፈቺና እያንዳንዱ ቁልፍ ኦቶሜሽን አይዲ (ስክሪኑ ላይ የማይታይ መለያ) እንዳለው እዪ። ካለው እሱን ያዢ። በላዩ ላይ በተጻፈው ስም ከፈለግሽው፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ያለው ፕሮግራም ቋንቋው በተቀየረ ቀን ቴስትሽ ይወድቃል። ፓይዊንአውቶ ካልነገርሽው በዊን32፣ በቆየው የዊንዶውስ መንገድ ነው የሚጀምረው። ለቆዩ ፕሮግራሞች ይበቃል፣ ለአዳዲሶቹ ግን ዩአይኤ (ዩአይ ኦቶሜሽን) ብለሽ ንገሪው። አደራ፣ በካልኩሌተር አትለማመጂ! ዊንዶውስ 10 ላይ የምታስነሺው ፕሮግራም ወዲያው ይዘጋና መስኮቱ በሌላ ፕሮሰስ ይከፈታል፣ ስክሪፕቱ መስኮቱን ስለሚያጣው ጀማሪው የራሱ ኮድ የተበላሸ ይመስለዋል።

ዋናው ነገር ግን ቴስቱ የሚሠራበትን ማሽንና ዳታ ማዘጋጀቱ ነው፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ከሌላው አመልካች የሚለይሽም እሱ ይመስለኛል። ፕሮግራሙ እንደ አድሚን ከተከፈተ ቴስቱም እንደ አድሚን መከፈት አለበት፣ አለበለዚያ ዊንዶውስ ክሊኩን ያግደዋል። ስክሪኑ ከተቆለፈ ወይም በሪሞት ዴስክቶፕ ገብተሽ መስኮቱን ዝቅ ካደረግሽው፣ ቀን ያለፈው ቴስት ሌሊት ይወድቃል። የስክሪኑ መጠንም በየማሽኑ አንድ ዓይነት ይሁን። ከሁሉም በላይ ዳታው በየዙሩ ከአንድ ቦታ ይነሳ፤ ትናንት የተመዘገበ ደንበኛ ዛሬ «ይህ ስም አለ» ካስባለ የወደቀው ፕሮግራሙ ሳይሆን ዝግጅትሽ ነው። ብዙዎች ለዚህ ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ይጠቀማሉ። ላንቺ ላፕቶፕ ይከብዳል፣ ስለዚህ ለቴስት ብቻ የሚሆን የዊንዶውስ አካውንት ክፈቺና ንጹሑን የዳታ ፋይል ከእያንዳንዱ ዙር በፊት በስክሪፕት መልሺው።

መለማመጃሽ የይለፍ ቃል ማስቀመጫው ኪፓስ ይሁን። ቀላል ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ቴስትሽ አዲስ ፋይል ይፍጠር፣ አንድ የይለፍ ቃል ይመዝግብ፣ ይዝጋ፣ እንደገና ከፍቶ መኖሩን ያረጋግጥ። አራት አምስት ጥሩ ቴስት ይበቃሻል። ጊትሀብ ላይ ስታስቀምጪው አጫጫኑን ከሀ እስከ ፐ ጻፊ። ከዚያ ሲቪሽን ከመላክሽ በፊት ጓደኛሽ ያንን ብቻ አንብባ በራሷ ላፕቶፕ ትሞክረው፣ የተደናቀፈችበት ቦታ ላይ የጎደለውን ጨምሪ።